72 ሺ ጃጓር፣ 351 ቶዮታ

የቶዮታ 2000 ጂቲን የፊት ጎማ አልፈው ወደ በሩ ሲጠጉ፣ በግራም በቀኝም ላሜራው ላይ አንዳንድ ክዳን ያገኛሉ። አንዱን ሲከፍቱት ባትሪው ቁጭ ብሏል፤ ሌላኛው ውስጥ የአየር ፊልትሮው አለ። ባትሪ በጎን በኩል ምን ይሠራል ያለ ሰው ኮፈኑን ይመልከት። ከመሬት እስከ ጣሪያዋ 1 ሜትር ከ16 ሳንቲ ሜትር ብቻ ናት። ስድስቱ ሲሊንደሮች በአንድ ረድፍ የቆሙበት ረጅም ሞተር ከተቀመጠ በኋላ ለሌላ ዕቃ ቦታ አልተረፈም። የጃፓን መሐንዲሶች ኮፈኑን በሁለት ጣት ከፍ ከማድረግ ይልቅ ዕቃውን ወደ ጎን ገፉት።

የእንግሊዟ ጃጓር ኢ-ታይፕ ይሄን ችግር በሌላ መንገድ ነው የፈታችው። ኮፈን የሚባል የተለየ ነገር የላትም ማለት ይቻላል። ከመስታወቱ ፊት ያለው አካል በሙሉ፣ ፓራፋንጎው ከነመብራቱ፣ አንድ ላይ ወደ ፊት ይገለበጣል። መካኒኩ ከጎማው አጠገብ ቆሞ ሞተሩን እንደ ማዕድ ከግራና ከቀኝ እየዞረ ይሠራዋል። የሚያምር አሠራር ነው። ግን ያ ትልቅ አፍንጫ አንድ ቦታ ግድግዳ የነካ ቀን ባለቤቱ የሚያወጣው ገንዘብ ሌላ መኪና ይገዛል።

እነዚህ ሁለቱ ላለፉት ዐሥራ ምናምን ዓመታት በጨረታ አዳራሾች ጎን ለጎን ሲቆሙ እናያለን። ሁለቱም የ1960ዎቹ ልጆች ናቸው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ሁለቱም አፍንጫቸው ረጅም፣ ጀርባቸው አጭር፣ ሞተራቸው ባለ ስድስት ሲሊንደር ነው። ዋጋቸው ግን አይገናኝም። በ2013 ቴክሳስ ውስጥ በተካሄደ የአርኤም ጨረታ አንዲት 2000 ጂቲ 1 ሚሊዮን 155 ሺ ዶላር ወጣላት። ለጃፓን መኪና ከዚያ በፊት በጨረታ ተሰምቶ የማያውቅ ዋጋ ነበር። በዚያው ዘመን ንጹሕ የመጀመሪያ ትውልድ ኢ-ታይፕ ሊገዛ አንድ መቶ ምናምን ሺ ዶላር ይዞ የመጣ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም ነበር።

ለዚህ የሚሰጠው መልስ የታወቀ ነው፤ ብርቅነት። ጃጓር ከ1961 እስከ 1974 ከ72 ሺ በላይ ኢ-ታይፕ ሠርቷል። 2000 ጂቲ ግን የሙከራዎቹ ጭምር ተቆጥረው 351 ብቻ ናት። ለአንዷ ቶዮታ ከ200 በላይ ጃጓር ይደርሳታል ማለት ነው። ስሌቱ ልክ ነው፤ መልሱ ግን ጎዶሎ ነው። ቁጥራቸው መቶ እንኳ ሳይሞላ ተሠርተው፣ ዛሬ የሚጠይቃቸው ጠፍቶ ጋራዥ ጥግ የሚበሰብሱ ስፖርት መኪኖች ሞልተዋል። ብርቅ መሆን ብቻውን ዋጋ አያወጣም፤ ያንን ብርቅ ነገር የሚመኝ ሰው መኖር አለበት። እኔን የሚገርመኝ ምኞቱ ከየት መጣ የሚለው ነው። ምኞቱ ወደ ሁለቱ መኪኖች የሄደው በተቃራኒ መንገድ ነውና።

የጃጓሯ ምኞት በአንድ ሌሊት ተወለደ ቢባል ማጋነን አይሆንም። መጋቢት 1961፣ ጄኔቫ። የኩባንያው መሥራች ሰር ዊልያም ላየንስ አዲሷን መኪና ለጋዜጠኞች የሚያሳዩበት ሰዓት ደርሷል፤ መኪናዋ ግን የለችም። የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛው ቦብ ቤሪ 9600 ኤችፒ የሚል ሰሌዳ የለጠፈችውን ኩፔ ፋብሪካው ካለበት ከኮቨንትሪ እየነዳ ሊጀመር ደቂቃዎች ሲቀሩት ደረሰ። ከዚያ በኋላ የመጣው የሰልፍ ጣጣ ነው። የሞከረ ሁሉ ሌላውን እየቀሰቀሰ፣ አንዷ መኪና ሰውን ሁሉ ማዳረስ አቃታት። ላየንስ ወደ ኮቨንትሪ ስልክ ደወሉ። የኩባንያው ዋና ሞካሪ ነጂ ኖርማን ዴዊስ በዚያ ምሽት 77 አርደብልዩ የሚል ሰሌዳ ያላትን ክፍቷን ኢ-ታይፕ ይዞ ተነሣ፤ ባሕሩን በመርከብ ተሻግሮ፣ ፈረንሳይን በሌሊት አቋርጦ፣ ጠዋት ጄኔቫ ገባ። ገብቶም አላረፈም፤ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያሳፍር ዋለ። ዴዊስ በ2019 በ98 ዓመቱ እስኪሞት ድረስ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለዚያች ሌሊት ነበር።

ሰውን ያን ያህል ያሰለፈው ቅርጿ ብቻ አይደለም። ቅርጹን ያወጣው ማልኮም ሴየር ከአውሮፕላን ፋብሪካ የመጣ ሰው ነው። መስመሮቹን በሒሳብ እያሰላ ነበር የሚያወጣቸው፤ ስቲሊስት ሲሉት ደስ አይለውም ይባላል። የመኪናዋ እናት ዲ-ታይፕ በ1955፣ በ1956 እና በ1957 ለ ማን በሚባለው ውድድር ላይ ተከታትላ ያሸነፈች የውድድር መኪና ናት። የኢ-ታይፕ ከበሩ ወደ ኋላ ያለው አካል ሻንሲ የለውም፤ ቦዲው ራሱ ሻንሲ ነው። ሞተሩን የሚሸከመው ከፊት በቡሎን የታሰረ የብረት ቱቦ ክፈፍ ነው። አራቱም ጎማ ዲስክ ፍሬን፣ የኋላ ጎማዎቹም እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ። ይሄ ሁሉ በእንግሊዝ ገበያ ክፍቷ 2,097 ፓውንድ ነበረች። በዚያን ጊዜ አስተን ማርቲን ዲቢ4 ለመግዛት የዚህን እጥፍ ግድም መክፈል ያስፈልግ ነበር። ጉዳዩ እዚህ ላይ ነው። ጥሩ ደመወዝ ያለው የጥርስ ሐኪም ቆጥቦ ሊደርስባት ይችል ነበር፤ ያልደረሰባት ደግሞ የደረሰባትን ሰው ያውቅ ነበር።

ስለ ፍጥነቷ የሚወራው ግን እንዳለ አይወሰድ። ኦቶካር መጽሔት ያቺኑ 9600 ኤችፒ ሞክሮ በሰዓት 150 ማይል ማለፏን ጻፈ፤ ወደ 242 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ያቺ መኪና በፋብሪካው በደንብ ተሰናድታ ለጋዜጠኛ የተሰጠች ናት። ተራው ገዢ የወሰዳት ከዚያ በታች ነበር የምትሮጠው። የመጀመሪያዎቹ ሲነዱ አንደኛ ማርሽ ሲገባ ይጮኻል፤ መቀመጫቸው ለረጅም መንገድ አይሆንም፤ በሙቀት ከተማ ውስጥ ውኃቸው ይፈላል። ከሁሉም የከፋው ዝገት ነው። ሻንሲ የሌለው መኪና ወለሉና የበሩ ሥር ሲዝግ ላሜራ ብቻ አይደለም የሚበላሸው፤ አጥንቱ ነው። የባትላሜራ ሥራ የሚያውቅ ሰው ምን ለማለት እንደፈለግሁ ይገባዋል። አንድ በኩል ቆርጦ ሲበይዱ ሌላው በኩል ይጣመማል፤ በመጨረሻ በሩ አልገጥም ይላል።

እንዲህ ሆና ለምን አልጠፋችም? ብዙ ስለነበረች ነው። አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ ተልከው ነበር፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ አሮጌ ኢ-ታይፕ ርካሽ መኪና ሆና ነበር፤ ገዝቶ የፈታታትም፣ ለመለዋወጫ ያረዳትም ብዙ ነው። ብዙ መኪና ባለበት ብዙ መካኒክ አለ፤ ብዙ መካኒክ ባለበት ዕቃ የሚያመርት ይመጣል። ዛሬ ለኢ-ታይፕ ከጎማ ቸርኬ እስከ ሙሉ ቦዲ ድረስ አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል። በዚህ የተነሣ ዋጋዋ ወለልም ጣሪያም አለው። ከወለሉ በታች አትወርድም፤ ምክንያቱም ሁልጊዜ የሚያድሳት አለ። ጣሪያውንም ብዙ አታልፍም፤ ምክንያቱም ይቺ ብትቀር ሌላ አለች።

ሰብሳቢዎች ታዲያ ምን አደረጉ? ከ72 ሺው ውስጥ ብርቅነትን ፈለፈሉ። በመጀመሪያዎቹ 500 ግድም መኪኖች ላይ የኮፈኑ መቆለፊያ ከውጭ ነው የሚከፈተው፤ እስከ 1962 መጀመሪያ የተሠሩት ወለላቸው ለጥ ያለ ነው፤ ረጅም እግር ያለው ሰው ስላማረረ ነው ኋላ የጎደጎደው። ለነዳው ሰው የማይመቸው ወለል ዛሬ ለሻጩ ተጨማሪ ገንዘብ ነው። በ1963 እና በ1964 ለውድድር በአሉሚኒየም የተሠሩት 12 ቀላል ኢ-ታይፖች ደግሞ ሌላ ዓለም ናቸው፤ አንዷ በጥር 2017 አሪዞና ውስጥ በቦናምስ ጨረታ 7 ሚሊዮን 370 ሺ ዶላር አወጣች። በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ከ1996 ጀምሮ ያለችው ሰማያዊ ሮድስተር ግን ከነዚህ ከተመረጡት አይደለችም፤ ማንም ሊገዛት ይችል የነበረች መደበኛ የ1963 መኪና ናት። ሙዚየሙ በዚህ ልክ ይመስለኛል። ኢ-ታይፕን ትልቅ ያደረጋት ተራ ገዢ የሚገዛት መሆኗ ነው።

አሁን ወደ ቶዮታዋ።

2000 ጂቲ በ1965 ጥቅምት ቶኪዮ ላይ ስትታይ ቶዮታ በውጭ ዓለም የሚታወቀው፣ ከታወቀም፣ ጠንካራና አሰልቺ መኪና በመሥራት ነበር። ሥራው የተጀመረው ከያማሃ ጋር በመተባበር ነው። ያማሃ ከዚያ በፊት ከኒሳን ጋር የስፖርት መኪና ሥራ ጀምሮ ሳይሳካ ቀርቶ ነበር። ቶዮታ የክራውንን ሞተር አቀረበ፤ ያማሃ ቴስታታውን እንደገና ሠርቶ ካምሻፍቱን ሁለት አደረገው፤ 2 ሊትር የማይሞላው ሞተር 150 የፈረስ ጉልበት ሰጠ። ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ፣ አራቱም ዲስክ ፍሬን፣ የማግኒዚየም ቸርኬ። ዳሽቦርዱ የሠሪውን ማንነት ያሳብቃል። ያማሃ የፒያኖ ፋብሪካ ነው፤ የመኪናዋን መሪና ዳሽቦርድ የሸፈነውን እንጨት የሠሩትም የሙዚቃ መሣሪያ እንጨት የሚያውቁ እጆች ናቸው። አንዳንድ ሰው ይሄን ጌጥ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን የዚያን ዘመን ጃፓን ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ ነገር አላውቅም፤ የሚችለውን ሁሉ፣ ፒያኖውንም ጭምር፣ አንድ መኪና ውስጥ የጨመረ አገር።

በጥቅምት 1966 ያታቤ በሚባለው የመሞከሪያ መንገድ ላይ 2000 ጂቲን ለሦስት ቀን ከሌሊት ያለ ፋታ ነዷት። ዝናብ ነበር፤ ታይፉን አልፎባቸዋል። 10 ሺ ማይሉን በአማካይ በሰዓት 206 ኪሎ ሜትር ጨርሳ ሦስት የዓለምና 13 ዓለም አቀፍ ክብረ ወሰኖችን ይዛ ወጣች። ሌላ ኩባንያ ቢሆን ይሄን ይዞ ዓለምን ያደነቁር ነበር። ቶዮታ አልቻለበትም። በ1967 ገበያ ስትወጣ ዋጋዋ 2 ሚሊዮን 380 ሺ የን ነበር። የዚህን ክብደት ለማወቅ ኮሮላን ማየት በቂ ነው፤ በ1966 ኅዳር የወጣችው የመጀመሪያዋ ኮሮላ 432 ሺ የን ነበረች። ማለትም በአንዷ 2000 ጂቲ አምስት ኮሮላ ከነለውጡ። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ወደ 7 ሺ ዶላር፤ ከኢ-ታይፕም ከፖርሽ 911ም በላይ። ስሟን ሰምቶ ለማያውቅ አሜሪካዊ ጃጓር ትቶ ቶዮታ ግዛ ማለት ከባድ ነው። አሜሪካ የገባችው 60 ግድም ናት።

በ1967 ጄምስ ቦንድን ፊልም ላይ አሳፍራዋለች፤ ጃፓን ውስጥ በተቀረጸው ፊልም። ሾን ኮነሪ ቁመቱ 1 ሜትር ከ88 ስለሆነ ጣሪያዋ አላስገባው ብሎ ለፊልሙ ሁለት ጣሪያ አልባ መኪኖች ተሠሩ። ፊልሙን ያየ ሰው ልብ ብሎ ከሆነ ቦንድ አንዴም አልነዳትም፤ የነዳችው ጃፓናዊቷ ሰላይ አኪ ናት። በ1968 ደግሞ አሜሪካዊው የውድድር ቡድን መሪ ካሮል ሼልቢ ሦስት መኪኖች ወስዶ አሜሪካ ውስጥ ውድድር ገባባቸው፤ ጥሩ ተወዳደሩ፣ ፖርሾቹ ግን በለጧቸው፤ በዓመቱ ነገሩ ተዘጋ። በ1970 ማምረቱም ቆመ።

«የኢ-ታይፕ ቅጂ» የሚለው ስድብ ያን ጊዜ ነው የተለጠፈባት፤ እስከ ዛሬም አልለቀቃትም። በጎን ሲያዩዋት ረጅሙ አፍንጫና ወደ ኋላ የሚወርደው ጣሪያ ያስጠረጥራል፤ አልክድም። መለኪያ ሲይዙ ግን ይለያል። 2000 ጂቲ ርዝመቷ 4 ሜትር ከ17፤ ኢ-ታይፕ 4 ሜትር ከ45። ቶዮታዋ ጠባብም ዝቅ ያለችም ናት። ከሥሯ ደግሞ የጃጓር ምንም የለም፤ መሃሏን እንደ አከርካሪ የሚያልፈው ሻንሲ የሎተስ ኢላንን ነው የሚያስታውሰው። ማንኛዋም የ1960ዎቹ ስፖርት መኪና ከማንኛዋም አንድ ነገር ወስዳለች። ጃጓር ከአውሮፕላን ሲወስድ ብልሃት፣ ጃፓን ከጃጓር ሲወስድ ኩረጃ የተባለበት ምክንያት ስለ መኪና አይደለም።

እንግዲህ ይቺ ብዙም ሳትሸጥ የቀረች መኪና እንዴት የሚሊዮን ባለቤት ሆነች? የእኔ መልስ፣ ዋጋዋን የከፈለችላት ኮሮላ ናት የሚል ነው። የኢ-ታይፕ ዝና ከመጀመሪያው ቀን አብሯት ነበር። የ2000 ጂቲ ዝና ግን ከፊት ለፊት ተነሥቶ ወደ ኋላ ነው የተጓዘው። ቶዮታ በ1970 የሆነ ቦታ ላይ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ይቺ መኪና የከሸፈ የጃፓን ሙከራ ተብላ ትረሳ ነበር። ከዚያ በኋላ በመጡት ሃምሳ ዓመታት ግን ኮሮላውና ላንድ ክሩዘሩ ዓለምን አዳረሰ፤ ቶዮታ የዓለም ትልቁ መኪና ሻጭ ሆነ። ስለዚህም «ይሄ ሁሉ የት ጀመረ?» ብሎ የሚጠይቅ ገንዘብ ያለው ሰው ተፈጠረ። ወደ ኋላ ሲሄድ የሚያገኛት የሚያምር ነገር ይቺ ናት።

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ይሄን ማስረዳት አይከብድም። እኛ ዘንድ ዲኤክስ ኮሮላ ሠላሳ ዓመት ተነድታ ከተገዛችበት በላይ ስትሸጥ ያላየ የለም። ልዩነቱ የኛዋ ዋጋ የሚወጣላት ነገም ስለምትሠራ ነው፤ መለዋወጫዋ በየሱቁ ስለተሰቀለ። የጨረታዎቹ ዋጋ የሚወጣላቸው ነገ ስለማይነዱ ነው። ዕድሜም እንዲሁ፤ እዚያ ዘውድ ነው፣ እኛ ዘንድ ከ2020ው ኤክሳይስ ታክስ ወዲህ መኪና ባረጀ ቁጥር ቅጣቱ ይብሳል። በ2024 ደግሞ ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጣ የቤት መኪና ማስገባት ስለቆመ፣ ሚሊዮኑ ቢኖረን እንኳ ሁለቱም ከጉምሩክ አያልፉልንም።

ጨረታውን ወደ ጃፓን ያዞረው ሌላው ነገር ትውልድ ነው። መኪና የሚሰበስብ ሰው የሚገዛው ብዙውን ጊዜ በልጅነቱ ግድግዳው ላይ ለጥፎት የነበረውን ነው። ኢ-ታይፕን የለጠፉት ልጆች ዛሬ ሰማንያ ዓመት እየተጠጉ ነው፤ መኪናቸውን ለልጅ የሚያወርሱ ወይም የሚሸጡ እንጂ የሚገዙ አይደሉም። ከነሱ በኋላ የመጡት ያደጉት በኒሳን ስካይላይንና በቶዮታ ሱፕራ ነው፤ አብዛኞቹ ያዩዋቸውም በመንገድ ሳይሆን በቪዲዮ ጌም። አሜሪካ 25 ዓመት የሞላውን መኪና ያለ ደኅንነት ማሟያ እንዲገባ ስለምትፈቅድ፣ የ1990ዎቹ የጃፓን መኪኖች ዕድሜያቸው በደረሰ ቁጥር እየጎረፉ ነው። 2000 ጂቲ በዚህ ማዕበል ላይ እንደ አያት ተቀምጣለች። በመጋቢት 2022 ከሼልቢ የውድድር መኪኖች አንዷ ፍሎሪዳ ላይ 2 ሚሊዮን 535 ሺ ዶላር ወጣላት። በ1968 የተሸነፈች መኪና ናት።

ይሁን እንጂ ከ2013 በኋላ ከሚሊዮን በታች የተሸጡ 2000 ጂቲዎችም አሉ። 351 መኪና ያለው ገበያ ቀጭን ገበያ ነው፤ ሁለት ባለጸጎች በአንድ ቀን እልህ ከተጋቡ ዋጋው ይወጣል፣ አንዱ ከቀረ ይወርዳል። ለኢ-ታይፕ እንዲህ ዓይነት ነገር እምብዛም አይደርስም። ከሁለቱ በገንዘቤ ላይ ብቻ ብጨነቅ ጃጓሯን ነው የምመርጠው።

በሌላ በኩል ግን ጃጓር ራሱ ወዴት እንደሚሄድ ማየት ይገባል። ከ2008 ጀምሮ የሕንዱ ታታ ንብረት ነው፤ በ2024 መጨረሻ እንግሊዝ ውስጥ አዲስ መኪና መሸጡን አቁሞ ሙሉ በሙሉ ወደ ኤሌክትሪክ ለመሻገር ራሱን ከዜሮ እየሠራ ነው። ኩባንያው እየጠበበ በሄደ መጠን ኢ-ታይፕ ትከብዳለች። በፊት ከብዙ መኪኖቹ አንዷ ነበረች፤ አሁን ጃጓር ሲባል መጀመሪያ የምትታወሰው እሷ ሆናለች። ጃጓር ይሄን ስለሚያውቅ በ2014 ለውድድር ከታቀዱት 18 ቀላል ኢ-ታይፖች ሳይሠሩ የቀሩትን ስድስቱን፣ ሃምሳ ዓመት ዘግይቶ፣ በአዲስ እጅ ሊሠራቸው ተነሣ። ገዢ አላጣም። የአሮጌዎቹ 12 መኪኖች ባለቤቶች ግን ምን እንደተሰማቸው መገመት ይቻላል።

ቶዮታ አዲስ 2000 ጂቲ አልሠራም። በ2020 የጀመረው ሌላ ነገር ነው፤ ለካምቢዮዋና ለዲፈረንሻሏ መለዋወጫ እንደገና ማምረት። ለጥቂት መቶ መኪና ማርሽ መቅረጽ ንግድ አይደለም፤ ለቶዮታ የሚያተርፍ ነገር የለውም። ዕቃው ለነጋዴ እንዳይገባ ሲባል የሚሸጠው በቁጥር ተወስኖ ነው። መግዛት የፈለገ ሰው ደግሞ ከገንዘቡ በፊት የሚጠየቀው መኪናዋ እንዳለችው ነው።